ፈረስ የሚፈራው የፈረስ ሐኪም

ጡረታ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ ኮርቻ ሸለሙኝ። ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ እርካቡ አዲስ፣ ዳንግላ ገበያ ላይ ከነበረው ሁሉ የተሻለ ኮርቻ ነው። ገና ከመጠቅለያው ሲወጣ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳቃቸው ገብቶኛል። የአገው ምድርን ፈረስና በቅሎ ሆድ ሳዳምጥ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ከልጅነቴ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ከቲሊሊ ወደ ግምጃ ቤት፣ ከግምጃ ቤት ወደ ጫግኒ በተዛወርኩበት ሁሉ የመድኃኒት ሣጥኔን በቅሎ ትሸከማለች፣ እኔ ከጎኗ በእግሬ እኳትናለሁ። "ሐኪሙ በቅሎዋን ያጅባል" ያላለኝ የለም።

በዚያው ዕለት አዲስ የተመደበ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ለመሆኑ ፍርሃቱ መቼ ለቀቀዎት?" ሲል ጠየቀኝ። "አልለቀቀኝም" አልኩት። የምቀልድበት መስሎት ሳቀ። አልቀለድኩም። ነገሩ ቆሞ የሚነገር ስላልሆነ ነው በጽሑፍ ያደረግሁት።

በእኛ አገር ፈረስ የሚፈራ ልጅ የቤተሰብ ሐፍረት ነው። የአዊ ልጅ የወተት ጥርሱን ሳይነቅል ፈረስ ላይ ይወጣል፤ ወደ ሠርግም፣ ወደ ለቅሶም፣ ወደ ፍርድ ቤትም የሚኬደው በፈረስ ነው። እኔንም አባቴ አውጥቶኝ ነበር። ቆሰበር አጠገብ በአጎቴ ሠርግ ቀን ጥይት ሲተኮስ የተቀመጥኩበት ፈረስ በረገገና ወደቅሁ። የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ግን እርካቡ ውስጥ ቀረ። ያን ጊዜ ሰው በባዶ እግሩ ይጋልብ ስለነበር እርካቡ አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባ ጠባብ የብረት ቀለበት ነበር። ፈረሱ መስኩን ሲጋልብ እኔ ከጎኑ እየተጎተትኩ የኮቴውን ድምፅ ከራሴ አጠገብ እሰማ ነበር። ጣቴ ዛሬም ጠማማ ነው፤ ብርድ ሲሆን ያመኛል።

የሚገርመው ከብት መውደዴ አልቀረም። ቤታችን የታመመ ጥጃ ካለ ከአጠገቡ የሚያስነሳኝ አልነበረም። ሆዱ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ስተኛ እናቴ፣ "አንተ ልጅ፣ ጥጃው ምን እያወራህ ነው?" ትለኝ ነበር። እውነትም የሚያወራኝ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በአገራችን ከብት የሚያክም ሰው ፈረስም ማከም አለበት፤ ፈረስ የማይነካ ሐኪም ደግሞ ማን ይጠራዋል? ስለዚህ ፊደል የቆጠርኩ መሆኔን ምክንያት አድርጌ ዳንግላ ከተማ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ወሩን ጠብቆ ይመጣል። ወንበር አይራገጥም። ይታይሽን አገባሁ፤ ከገበያው በላይ አንዲት ቤት ተከራየን።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ የከብት ደስታ ገባ። ስሙ ደስታ ይባል እንጂ በአንድ ወር ውስጥ የመንደር በሬ የሚጨርስ ወረርሽኝ ነው። ክትባት የሚሰጥ ቡድን ሲመጣ አገውኛ የሚያስተረጉም፣ የተከተበውን የሚመዘግብ ሰው ተፈለገና አለቃዬ እኔን አዋሰኝ። "ለሁለት ወር ነው፣ ወንበርህ ይጠብቅሃል" አለኝ።

የቡድኑ መሪ ጋሽ ይማም ነበሩ። የዳንግላ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ጨው በበቅሎ ጭነው ቆላና ደጋ የሚመላለሱ ሰው ነበሩ። በቅሎ ማከምን በዚያ መንገድ ላይ ነው የተማሩት፤ መንግሥት በኋላ አሠልጥኖ ነጭ ጋዋን ቢያለብሳቸውም ከጋዋኑ ሥር ያው ነጋዴ ናቸው። ቀጭን፣ ነጭ ቆብ የማይለያቸው፣ ሲናደዱ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው። መንገድ ላይ ስንከርም የሚቀርብልንን ሥጋ ሁለታችንም ትተን ሽሮ እናዛለን፤ እሳቸው የእኔን እርድ አይበሉም፣ እኔ የሳቸውን። ከአንድ መሶብ እንዳንለይ ነበር። "ሽሮ ሃይማኖት የላትም" ይሉ ነበር።

እንስሳ ሳይነኩ የሚያደርጉት ነገር ነበራቸው። መጀመሪያ የፈረሱን ስም ይጠይቃሉ፤ የባለቤቱን ስም የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ በፈረሱ ትከሻ በኩል ሄደው መዳፋቸውን አንገቱ ላይ ያሳርፉና ዝም ብለው ይተነፍሳሉ። ትንፋሻቸው ከፈረሱ ትንፋሽ ጋር እስኪገጥም ሌላ ሥራ የለም። ገበሬው፣ "ኧረ ይኸ ሰውዬ አንቀላፋ!" ብሎ ይሥቃል። እሳቸው አይሰሙም። ሹም ሲያናግሩ አማርኛ ነው፣ ፈረስ ሲያናግሩ ግን አገውኛ። "ያደገበትን ቋንቋ ነው የሚያውቀው፣ ምን ያድርግ" ይላሉ።

የምፈራ መሆኔን በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቁት። በሬ ላይ ጀግና ነበርኩ፤ ፈረስ ሲመጣ ባልዲ ልይዝ፣ ውሃ ላሞቅ፣ ወረቀት ልጽፍ እሄዳለሁ። አልሳቁብኝም። አንድ ቀን የታመመች በቅሎ ሆድ ላይ ጆሮዬን አስለጠፉኝ። እሳቸው አንገቷን ይዘዋል።

"ምን ትላለች?"

"በግራ ታጉረመርማለች። በቀኝ ጸጥ ብሏል።"

ራሳቸው አዳመጡና ቀና አሉ። "ሙሉነህ፣ ጆሮህ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ያስቸገረን እግርህ ብቻ ነው።" ከዚያ የማልረሳውን ነገሩኝ። "ፈረስ የሚረግጠው የራቀውን አይደለም፣ አይደርስበትም። የተጠጋውንም አይደለም፣ እግሩን የሚሰነዝርበት ቦታ የለውም። የሚረግጠው ክንዱን ዘርግቶ መሃል የቆመውን ነው። ወይ ጠጋ፣ ወይ ራቅ። መሃል ላይ አትቁም።"

ሁለት ወሩ አለቀ። እኔ ግን ወደ ወንበሬ አልተመለስኩም። ጋሽ ይማም ባሉበት የከብት ሕክምና ጣቢያ በረዳትነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከጸሐፊነቱ ያንሳል፤ ይታይሽ ግን አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ያስቆጣት የነበረው ሽታዬ ብቻ ነው። ከበሩ ውጭ ውሃ የሞላች ቅል ሰቅላለች፤ ከሥራ ስመለስ፣ "እዚያው ቁም! ሳትታጠብ ደፌን እንዳትረግጥ" ትለኛለች። እኔ ደጅ ላይ እየታጠብኩ የዋልኩበትን አወራለሁ፣ እሷ ከውስጥ እየሳቀች ትመልሳለች።

ፈረስ ሆዱን ሲታመም ዋናው ሥራ ቱቦ ነው። ረጅሙን የጎማ ቱቦ ለስላሳ እስኪሆን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ፣ ዘይት ትቀባዋለህ፣ በአፍንጫው ቀዳዳ ታች ታችውን ታስገባዋለህ። ጉሮሮው ጋ ሲደርስ ቆም ትላለህ፤ ፈረሱ ሲውጥ አብረህ ትገፋለህ። ያኔ በአንገቱ ግራ በኩል ከቆዳው ሥር የሚሄድ ነገር ታያለህ። በመጨረሻ የቱቦውን ጫፍ ታሸተዋለህ። የቦካ ሣር ከሸተተህ ሆድ ገብተሃል፤ ያኔ ሆዱን የሚያላላውን ዘይት ታፈሳለህ። የፈረሱ ትንፋሽ እየተከተለ ከወጣ ግን ሳንባ ነው፣ ፈጥነህ አውጣ። "ሳታሸት ዘይት ካፈሰስክ ፈረሱን በደረቅ መሬት አሰጠምከው" ይሉኝ ነበር ጋሽ ይማም።

የአገሬ ሰው ግን ሌላ ልማድ አለው። ሆዱን ለታመመ ፈረስ ቅቤና አብሽ በቀንድ ይበጠብጥና አፉን ከፍ አድርጎ በአፍንጫው ይግተዋል። አንዳንዱ ይድናል። የዳነው ዘመኑን ሙሉ ሲወራለት ይኖራል፤ የሞተው "ቀኑ ደርሶ ነው" ይባላል።

አንድ ክረምት ጋሽ ይማም ጫግኒ ወርደው ሳለ ከአዲስ ቅዳም ሰው መጣ። አያ ቢምረው የሚባሉ ገበሬ ዳማ ፈረሳቸው ሆዱን ታሞ ይንከባለላል። አያ ቢምረውን የማያውቅ የለም፤ በየዓመቱ የጥር ጊዮርጊስ ዕለት ጉግስ ሜዳ ላይ ሳይታዩ የማይቀሩ ሰው ናቸው። ብቻዬን ሄድኩ። ዳማው ላብ አጥምቆታል፣ በፊት እግሩ መሬት ይጭራል፣ እየዞረ የገዛ ጎኑን ያያል። ሰዎች አንገቱን ይዘውልኝ አዳመጥኩት። በሁለቱም በኩል ጸጥ ብሏል፤ አንጀቱ ቆሟል። ምን እንደሚያስፈልገው በሚገባ አውቄ ቱቦዬን አወጣሁ። እስከዚህ ድረስ ሐኪም ነበርኩ።

ከዚያ ክንዴን ዘርግቼ፣ ገላዬን ወደ ኋላ አሽሽቼ፣ መሃል ላይ ቆምኩ። ቱቦው አፍንጫውን ሲነካው ፈረሱ ራሱን ወረወረ፣ ደም ፈሰሰው፣ በኋላ እግሩ ቆመ። ኮቴው መሬት ሲመታ ያ የሠርግ ቀን መጣብኝ። ራሴን ያገኘሁት ከአጥሩ ውጭ ነው፤ እንዴት እንደዘለልኩት ዛሬም አላውቅም። መጀመሪያ ተሳቀ። ከዚያ ቀንዱ መጣ። "ተው! በአፍንጫ አትጋቱት! ሳንባው ይገባል!" ብዬ ጮህኩ። ከአጥር ውጭ ሆኖ ትእዛዝ የሚሰጥ ሐኪም ማን ይሰማል? ፈረሱ እየሳለ ሰነበተና ሞተ።

አያ ቢምረው ለዳንግላ ገበያ ሲመጡ ጣቢያው ድረስ ፈልገው አገኙኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ልጄ፣ አልቀየምኩህም" አሉኝ። "መፍራት ኃጢአት አይደለም። ግን ይኸ ሥራ ያንተ አይደለም።"

አመንኳቸው። በሳምንቱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመለስኩ። አለቃዬ ቃሉን ጠብቆ ወንበሬን አላስነሣም ነበር። ጋሽ ይማም ሊያስቀሩኝ አልሞከሩም፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ "ሂድ እንግዲህ" ብቻ ነው ያሉኝ። ተናደዋል ማለት ነው።

ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ ከረምኩ። ቀለም ይሸተኛል እንጂ ፈረስ አይሸተኝም። በጎዳናው ፈረስ ሲያልፍ ግን ብዕሬን አስቀምጬ አረማመዱን አዳምጣለሁ፤ በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ ሳላየው አውቃለሁ። እንደዚያ እያወቁ መቀመጥ ያማል። አንድ ማታ እራት እየበላን ይታይሽ ድንገት እጇን ሰበሰበች።

"ያቺ ቅል ደርቃ ተሰነጠቀች" አለችኝ።

"ሌላ ይገዛል።"

"ለምን ይገዛል? ንጹሕ ሆነህ ነው የምትመጣው። ንጹሕ ሆነህ ትገባለህ፣ ትበላለህ፣ ትተኛለህ። ድሮ ስትገማ ታወራኝ ነበር።"

እውነቷን ነው።

በበጋው ወራት አያ ቢምረው ዐረፉ። ቀብራቸው ተፈጽሞ ትልቁ ለቅሶ በሌላ ቀን ሊሆን ተቆረጠ። በአገራችን ወግ በዚህ ለቅሶ ላይ የሟች ፈረስ ይሸለማል፤ ባዶ ኮርቻው ላይ ካባውና ጋሻው ተጭኖ፣ ሙሾ አውራጇ እየጠራችው፣ በሕዝቡ ፊት ይዞራል። አያ ቢምረው ከዳማው ሞት በኋላ የገዙት ቦራ የሚባል ፈረስ ነበራቸው። ከቀብሩ ጀምሮ ሊያስተዛዝን የመጣው ዘመድ ሁሉ ግን፣ "አይ፣ ጌታህ ጥሎህ ሄደ!" እያለ ለቦራ እፍኝ እፍኝ ገብስ ሲያቀምሰው ሰነበተ። ፍቅር ነው፤ ማንም ማንንም አልጠየቀም። የለቅሶው ዕለት ጠዋት ቦራ ሆዱ ተነፍቶ ወደቀ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩዬ ፈረሰኛ ልከው ጋሽ ይማምን አስጠሩ። ጋሽ ይማም ከጫግኒ ባመጡት ወባ እየተንቀጠቀጡ ተኝተዋል። ከመልእክተኛው ጋር ሊሄዱ ስላልቻሉ እኔን አስጠሩኝ። አልጋቸው ራስጌ ቱቦው ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

"ውሰድ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ የማን ቤት እንደሆነ ያውቃሉ። ደግሞም አሁን ጸሐፊ ነኝ።"

"ጸሐፊ እኔ አልጠራሁም።" ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። "ሙሉነህ፣ አትፍራ አልልህም። እኔም በበቅሎ ኋላ ሳልፍ ዛሬም እፈራለሁ። ይኸን ለማንም አልተናገርኩም። እየፈራህ ጠጋ በል። ሌላ ዘዴ የለውም።"

መልእክተኛው "ከኋላዬ ተፈናጠጥ" ሲለኝ እንኳን እሺ ልል ከፈረሱ ዘወር አልኩ። ወደ ቆሰበር የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ አዲስ ቅዳም ደረስኩ።

ሜዳው በሰውና በፈረስ ተሞልቷል። ቦራ ከቤቱ ጀርባ ተኝቷል፤ በዙሪያው ወንዶች ቆመዋል፣ ቀንዱም ተበጥብጦ ቀርቧል። ወይዘሮ ጥሩዬ ጥቁር ለብሰው የፈረሱን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ቀና ብለው ሲያዩኝ አወቁኝ።

"አንተ ያ አይደለህም? አጥር የዘለልከው?"

"ነኝ፣ እሜቴ።"

"እንግዲያ ስማኝ። ሰውዬዬ እንደ ድሃ አደግ ያለ ፈረሱ አይለቀስለትም። የምትሸሽ ከሆነ አሁን ሽሽ፣ እነሱ ቀንዱን ይስጡት። የምትቆም ከሆነ ቁም።"

አንዱ ከኋላ፣ "እሱማ አጥሩ የት እንዳለ እያየ ነው" አለ። ሳቅ ተሰማ። እውነቱን ልናገር፣ እያየሁ ነበር። ጠማማው ጣቴ ጫማዬ ውስጥ ይመታል። ያኔ ሳስበው መሃል ላይ ነው የቆምኩት፤ ከጽሕፈት ቤቱ ወንበር ጀምሮ የኖርኩት መሃል ላይ ነው።

"ስሙ ማን ነው?" አልኩ። አውቀዋለሁ፣ ግን ከዚያ ካልጀመርኩ ሌላው እንደማይመጣልኝ ተሰማኝ።

"ቦራ" አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ።

አስነሡት። ወደ ትከሻው ሄድኩና በገላዬ ተጠጋሁት፤ ደረቴ የጎድን አጥንቱን እስኪነካ ድረስ። መዳፌን አንገቱ ላይ አሳርፌ በአገውኛ አናገርኩት። ምን እንዳልኩት ትዝ አይለኝም፤ እናቴ የታመመ ጥጃ ስታባብል ትለው የነበረውን ይመስለኛል። የልቡ ምት በጎኔ ይሰማኛል፤ ይፈራል። እሱም እንደ እኔ ይፈራል! ይህን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር። ትንፋሻችን እስኪገጥም ጠበቅሁ። ከኋላ፣ "አንቀላፋ እንዴ?" ሲሉ ሰማሁ፣ አልዞርኩም።

ቱቦውን አስገባሁ። ራሱን ወረወረ፤ እኔም አብሬው ተወረወርኩ እንጂ አለቀቅሁትም። ኮቴው መሬት መታ፤ ድምፁ ያው የሠርጉ ቀን ድምፅ ነው፣ እግሬ ግን ከቦታው አልተነሣም። ጉሮሮው ጋ ቆምኩ። ዋጠ። ገፋሁ። በአንገቱ ግራ በኩል ሲሄድ ታየኝ። ጫፉን አሸተትኩት፤ የቦካ ገብስ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ሽታ የለም። ዘይቱን ቀስ አድርጌ አፈሰስኩ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ልጓሙን ይዤ ከቤቱ ጀርባ ወዲያና ወዲህ አመላለስኩት፤ ቆም እያልኩ ሆዱን አዳምጣለሁ። ለቀስተኛው ሜዳ ላይ ይጠብቃል፣ ሙሾው ተጀምሮ ይቋረጣል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በቀኙ በኩል አንድ ጉርምርምታ ሰማሁ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ መኪና። ጥቂት ቆይቶ ቦራ ጅራቱን አነሣና እዚያው፣ ያ ሁሉ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሽማግሌ እያየው፣ ፋንድያውን ዘረገፈው። "ተመስገን!" ብዬ ጮህኩ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቼዋለሁ። ወይዘሮ ጥሩዬ እንባቸው እየወረደ ሳቁ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ቀንዱን የያዘው ሰው መሬት ላይ ደፋው።

ሲሸልሙት ልጓሙን ለአንድ ዘመድ ላስረክብ ስል ወይዘሮ ጥሩዬ እጄን ያዙኝ።

"አንተው ምራው" አሉኝ። "ሰውዬዬ ሥራው ያንተ አይደለም ብሎህ ነበር። በሕይወት ቢኖር ቃሉን ያነሣ ነበር፤ እኔ አንሥቼልሃለሁ።"

የአያ ቢምረውን ፈረስ በባዶ ኮርቻው፣ በካባውና በጋሻው፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት መራሁት። ከትከሻው ሥር ተጠግቼ በእግሬ ሄድኩ። ሙሾ አውራጇ ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ፤ ለሟቹም፣ ለዳማውም፣ ለራሴም።

በማግስቱ ዳንግላ ተመልሼ ቱቦውን ለጋሽ ይማም አቀረብኩ። ትኩሳቱ ለቋቸዋል። ጫፉን አሸተቱና መልሰው ሰጡኝ። "መልስልኝ አላልኩህም" አሉ። ያ ቱቦ እስኪበጣጠስ ድረስ በየጣቢያው አብሮኝ ዞረ፤ ባስገባሁት ቁጥር እንደ መጀመሪያው ቀን ፈርቻለሁ።

ከጋሽ ይማም ወጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ልብሴ ዘይትና ፋንድያ ነው። ከበሩ በፊት ደርሼ ቆምኩ፤ ቅሏ የለችም፣ የምታጠብበት ውሃ የለም። ይታይሽ በሩን ከፍታ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች፣ ዓይኗ ግን ይስቃል።

"ልታጠብ፣ ውሃ ስጪኝ" አልኳት።

ከደፉ ላይ ዘወር አለችልኝ።

"ዛሬስ እንዲሁ ግባ" አለችኝ። "ገብተህ አውራኝ።"